የአባዬን ስኳር ማን ይየው

ባለፈው ረመዳን አባዬ ተደብቆ ምሳ ይበላ ነበር። ሐኪሙ በስኳሩ ምክንያት እንዳይጾም ከልክሎታል፤ የታመመ ሰው ባይጾም ደግሞ በሃይማኖታችንም ነውር የለበትም። ግን በጾመኛ ፊት ማኘክ አይሆንለትም። ፋሲሎ ሰፈር ካለው የጨርቅ ሱቃችን ጓዳ ገብቶ፣ በጣቃ ጨርቅ ተከልሎ፣ እናቴ የቋጠረችለትን ቶሎ ቶሎ ይጎርሳል።

ያን ሰሞን ወንድሜ ከአዲስ አበባ አዲስ የስኳር መለኪያ ላከለት። ጠብታ ደም ሲያገኝ ቁጥሩን በስልክ ያስተላልፋል። ወንድሜ በደስታው ብዛት ወረታ ያሉትን አክስቶቼን ሳይቀር ዘመድ አዝማዱን ሁሉ የቁጥሩ ተመልካች አድርጎ አስገብቶ ኖሯል። አባዬ ይህን አያውቅም። አንድ ቀን በቀትር ለካና፣ ስልኩ ሲጠይቀው «ከምግብ በኋላ» የሚለውን ነካ። ወዲያው ታላቅ አክስቴ ደወለች።

«እንዴት ነው፣ ምሳው ጣፈጠ?» አለችው እየሳቀች።

መቀለዷ ነበር፤ መታመሙን ታውቃለች። አባዬ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። መለኪያውን ሳጥን ውስጥ ከተተው፤ ከዚያ ወዲያ መለካት ቀረ። እግሩን ያደነዝዘው ጀመር። እናቴ ለመነችው፣ እምቢ አለ። ወንድሜም በስልክ ተከራከረ፤ እኛ ካላየን ማን ይየው ነው የሚለው። እውነትም አለው። ቀደም ሲል ሐሙሲት ገበያ ላይ ስኳሩ ወርዶበት ሲወድቅ ማናችንም አልሰማንም ነበር።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጣና ዳር ተቀመጥንና ስልኩን ተቀበልሁት። ማን ምን እንደሚያይ እየከፈትሁ፣ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነበብሁለት። ከዘመዶቻችን ስም በታች መለኪያውን የሠራው ድርጅት መጣ።

«እነዚህ ደግሞ በማን በኩል ነው የሚዛመዱን?» አለ።

ሳቄ መጣ። ቁጥሩን ለሥራቸው ማሻሻያ እንደሚወስዱት፣ ቢከለከሉም መለኪያው መሥራቱን እንደማያቆም ነገርሁት። አጥፊልኝ አለ፣ አጠፋሁ። አክስቶቼንም ሌላውንም ዘመድ በየተራ አወጣኋቸው። ወንድሜ ላይ ስንደርስ እጄ ዘገየ።

«እሱ ደውሎ ይጠይቀኝ፤ አፍ አለኝ።»

«እኔስ?» አልሁት።

«አንቺ ቅሪ። ሲወርድብኝ ሮጠሽ የምትደርሽልኝ አንቺ ነሽ።»

ደስታዬን የት ላድርገው! ይህን ሁሉ አንብቤ ያስረዳሁት እኔ፣ የተመረጥሁትም እኔ።

በማግስቱ ማንም ሳይነግረው ለካ። ማታ ወንድሜ ደወለ። መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፤ ከዚያ ስኳሩ ስንት እንደሆነ ጠየቀው። አባዬ ቁጥሩን ነገረው፤ ከፍ ማለቱንም ጨመረለት። ከዚያ ስለ ሥራው፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ለዒድ ይመጣ እንደሆነ ሲያወሩ ቆዩ። እኔ ቀስ ብዬ ስልኬን ከፍቼ የዕለቱን ልኬት አየሁ። አባዬ ከቁጥሩ ምንም አልቀነሰም።