የደጋ ላሞች ሐኪም አያ ተገኘ

የከብት ሐኪሙ አያ ተገኘ በልብ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው በሱዳን ሀዋታ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። በየካምፑና በየእርሻው ላላችሁ ወዳጆቻቸው ይህን መርዶ የምነግረው እኔ የእኅታቸው ልጅ ነኝ፤ ሙያውንም የተማርሁት ከእሳቸው ነው።

አያ ተገኘ በድርቁ ዘመን በልጅነታቸው ከወገራ ተሰደው መጡ፤ ገዳሪፍ ተምረው ሐኪም ሆኑ። ኸሪፍ የምንለው ክረምት ገብቶ ሣሩ ሲነሣ መዥገሩም አብሮ ይነሣልና ያን ጊዜ ቤት አይገኙም ነበር። የመድኃኒት መርጫቸውን አዝለው ከበረት በረት ይዞራሉ። የላሟን ጆሮ ገልበጥ፣ ጡቷን ዳበስ አድርገው ያያሉ። «ከብት አፍ የለውም፤ ቆዳውን ጠይቁት» ይሉን ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጦርነት የሸሹ ወገኖቻችን ከደጋ ከብቶቻቸውን ነድተው ወረዱ። በመጀመሪያው ኸሪፍ ላሞቹ ሽንታቸው እየቀላ፣ ዓይናቸው ቢጫ እየሆነ ያልቁ ጀመር። በዚያው መስክ የሚግጡት የጎረቤታችን የሐጅ ኢድሪስ ከብቶች ግን ደህና ነበሩ። «ግጦሹን እንድንለቅለት አስመርዞብን ነው» ተባለ። ጎረምሶች ዱላ ይዘው ወደ ሐጁ በረት ሲያመሩ አያ ተገኘ ደርሰው መንገዱ ላይ ቆሙ።

«ልጆቼ፣ መጀመሪያ ይህን እዩ» አሉ። በአጠገባቸው የወደቀችውን ላም ጆሮ ገልብጠው የተጣበቀውን መዥገር አሳዩአቸው። «የገደላት ይህ ነው። የሐጁ ከብቶች ከጥጃነታቸው ጀምሮ ስለነከሳቸው በሽታውን ለምደውታል። የእናንተዎቹ ደጋ ያደጉ ናቸው፤ አያውቁትም።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አላቸው አንዱ።

«ዱላውን አስቀምጡና ከብቶቹን ያዙልኝ፤ ልርጭ።»

ሐጅ ኢድሪስ ነገሩን በሰሙ ጊዜ ውኃ በበርሜል በአህያ ጭነው መጡ። እስኪመሽ አብረው ሲረጩ ዋሉ።

ሁሉም ግን አልተረፈም። የወይዘሮ ጥሩወርቅ ላም አያ ተገኘ እጅ ላይ ሞተች። ወይዘሮዋ ባሏን በጦርነቱ ያጣች፣ በዚያች ላም ወተት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። አያ ተገኘ መሬት ላይ አብረዋት ተቀመጡ። በማግስቱ የራሳቸውን የምትታለብ ላም ከነጥጃዋ ነድተው ደጇ ላይ አሰሩላት።

«አያ፣ እርስዎስ ምን ይጠጣሉ?» ብትላቸው፣ «እኔ የማሳድገው ልጅ የለኝም» አሏት።

በቀብራቸው ዕለት ሐጅ ኢድሪስ ቃሬዛውን ከእኛ ሰዎች ጋር ተሸክመው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መጡ። ሥርዓቱ እስኪያልቅ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁ።

አያ፣ እርስዎ ከሄዱ በኋላ ዝናቡ ገባ። ባለፈው ሰሞን አንድ ሰው የታመመ በሬ ትቶ ከመፋዛ ሊጠራዎት መጣ። ማረፍዎን አልሰማም ነበር። መንገሩ ቢያቅተኝ «እኔ ልምጣ» ብዬ ተከተልሁት። በሬው ተነሥቶ ሣር ሲቀምስ ሰውየው ደስ ብሎት «በይ እንግዲህ፣ ለአያ ንገሪልኝ» አለኝ። ያን ጊዜ ነገርሁት፤ በሬውን ተደግፎ አለቀሰ። አደራውን ግን ተቀብያለሁና ይኸው ነገርሁዎት። በሰላም ይረፉ።