ሶፋ ሠሪው ጠግቦ የተኛ ጊዜ

ሶፋ ሠሪውን ጎረቤቶቹ «ወፍጮ» ይሉታል፤ ከማንኮራፋቱ የተነሣ ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ፣ አጠገባቸው የምትኖረው ልብስ ሰፊ «ትናንትናስ ምን ፈጨህ? ስንዴ ነው በቆሎ?» ትለዋለች። እሱም «ላንቺ በነፃ ነው» ብሎ ይስቃል። ኩርፊያ የማያውቅ ሰው ነው።

ሚስቱ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። በትዳር ሃያ ሁለት ዓመት ኖረው፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ከልጃቸው ጋር በሌላው ክፍል ነው የምታድረው። «ፍቅራችን አልቀዘቀዘም፤ ጆሮዬ ነው ጥገኝነት የጠየቀው» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ።

የባሰው ችግር ግን ቀን ላይ ነበር። የቱንም ያህል ቢተኛ፣ ጠዋት ሲነሣ ዱላ እንደቀመሰ ሰው ድቅቅ ይላል። አፉ ደርቆ፣ ራሱን እያመመው ሱቁን ይከፍታል። ስፖንጅ እየቆረጠ ያንጎላጃል። አንድ ቀንማ እጅጌውን ከሶፋው ጨርቅ ጋር አብሮ በሚስማር መትቶት፣ ሸሪኩ አናጢው በጉጠት ነቅሎ አላቀቀው። አዲስ ሶፋ በጨረሰ ቁጥር «ሞላውን ልሞክረው» ብሎ ጋደም ይላል፤ በዚያው ጭልጥ! ደንበኞች «እንዴት ቢመች ነው!» እያሉ ስለሚገዙ አናጢው ብዙም አልከፋውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ተኝቶ ሳለ፣ የተኛበትን ሶፋ ያዘዘች የአንገት በላይ ሐኪም መጣች። አናጢው ሊቀሰቅሰው ሲል በእጇ ከለከለችው። ሰዓቷን እያየች ታዳምጥ ጀመር። ወፍጮ ያንኮራፋል፣ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ጸጥ። ደረቱ ይታገላል፤ አየር ግን የለም። ከሃያ አምስት ሰከንድ በኋላ ትን እንዳለው ሰው ተንፈራግጦ ተነፈሰ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናሉ?» አለችው አናጢውን።

«ሁልጊዜ ነው። እኛማ ወፍጮው እህል አለቀበት ነው የምንለው።»

በንግግራቸው ነቅቶ እመር ብሎ ተቀመጠ። «ይቅርታ ዶክተር፣ ሞላውን እየሞከርኩ...»

«ሞላው ደህና ነው፤ የላላው የእርስዎ ጉሮሮ ነው» አለችውና እየሳቀች አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ አስረዳችው። ሰው ነቅቶ ሳለ አንጎሉ ለምላሱና ለጉሮሮው ጡንቻዎች ሳያቋርጥ ትእዛዝ ይልካል፤ እነሱም የአየር መንገዱን ወጥረው ይይዙታል። እንቅልፍ ሲወስደው ትእዛዙ ይቀንስና ጡንቻዎቹ ይላላሉ። ጉሮሮው ጠበብ ያለ ሰው ከሆነ፣ ምላሱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ መንገዱን ይዘጋዋል። አየር ሲያጥር አንጎል ደንግጦ ያነቃዋል፤ ሰውየው ግን መንቃቱን እንኳ አያስታውሰውም።

«ታዲያ እንቅልፍ የምለው...»

«ስንት መቶ ጊዜ ሲነቁ ነው የሚያድሩት።»

እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ እኮ ሰነፍ የሆንኩ መስሎኝ ነበር» አላት።

በሳምንቱ ሐኪም ቤት ሄዶ ጭንቅላቱ፣ አገጩና ደረቱ ላይ ሽቦ ተለጣጥፎበት አደረ። ትንፋሹ በሰዓት አርባ አንድ ጊዜ ይቋረጥ ኖሯል! አየር እየገፋ ጉሮሮውን ክፍት የሚያደርግ፣ አፍንጫ ላይ የሚታሰር ጭንብል ተሰጠው። ሚስቱ ስታየው «አንተ ሰውዬ፣ ባሕር ልትጠልቅ ነው?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ማሰሪያው ጉንጩን ሲፍቀው ጊዜ ለስላሳ ጨርቅ ሰፍቶ አለበሰው፤ ሙያው አይደል!

ጭንብሉን ማድረግ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ ሚስቱን ራሱ ቀሰቀሳት። ወደ አልጋቸው ከተመለሰች አራተኛ ቀኗ ነበር።

«ህልም አየሁ!» አላት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ህልም ካየ ስንት ዓመቱ! ጡንቻዎች ይበልጥ የሚላሉት ህልም በሚታይበት እንቅልፍ ነውና፣ ልክ እዚያ ሲደርስ ትንፋሹ እያጠረ ይነቃ እንደነበር ሐኪሟ በኋላ ነገረችው።

ከዚያ ወዲህ ሱቁን በፉጨት ይከፍታል፤ ሶፋም ቁጭ ብሎ ብቻ ነው የሚሞክረው። አሁን መከራዋን የምታየው ሚስቱ ናት፤ የሌሊቱን ህልም አንድ በአንድ ካልነገራት ከቤት አያስወጣትም።

«ዛሬ ደግሞ ዝሆን መጥቶ ሶፋ አዘዘኝ።»

«ተማሪዎቼ እየጠበቁኝ ነው እኮ!» ትላለች ቦርሳዋን አንጠልጥላ። በሩን ትከፍትና ትመለሳለች። «ለመሆኑ ምን ቀለም መረጠ?»