አገልግሎቱን አስቁሚው

እኔ ጋሼ የምላቸው የአክስቴ ባል እንግሊዝኛና አማርኛ ሲቀላቀል አይወዱም። ዴንቨር ውስጥ ሁላችንም «ፓርክ አደረግኩ»፣ «ሺፍት ቼንጅ አደረግኩ» ስንል፣ እሳቸው «መኪናዬን አቆምኩ»፣ «ተራዬን ቀየርኩ» ይላሉ። ታክሲ ነጂ ናቸው። ኤርፖርት ወረፋ ሲጠብቁ ወፍራም የኮምፒውተር መጽሐፍ መሪው ላይ ዘርግተው ያነባሉ፤ ሊነክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓትም እዚያው ወረፋ ላይ ተማሩት። የኮምፒውተሩን ዕቃ ሳይቀር በአማርኛ ነው የሚጠሩት። ማውሱ «አይጥ» ነው፣ ፓስወርዱ «የይለፍ ቃል»። መጀመሪያ ቀን «አይጧን ያዢያት» ሲሉኝ እግሬን ሰብስቤ ወንበሩ ላይ ወጥቻለሁ።

ቤተ ክርስቲያናችን አውሮራ ውስጥ፣ ከሃቫና ስትሪት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከአሜሪካኖች የተከራየነው አዳራሽ ነበር። እነሱ ጠዋት ጨርሰው ሲወጡ እኛ ከሰዓት እንገባለን። ጋሼ ከአንድ ቢሮ የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር አመጡና የሕፃናት መጫወቻ የሚቀመጥበት ጠባብ ዕቃ ቤት ውስጥ ተከሉት። ከዚያ ወዲህ የእሑዱ ፕሮግራም በኢንተርኔት በድምፅ ይተላለፋል፤ እሑድ ሥራ የሚገቡና የታመሙ ሰዎች ይሰሙናል።

ኮምፒውተሩን እንድጠብቅ የተመረጥኩት ስለማውቅ አይደለም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የእንግሊዝኛ ፊደሎችን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፣ ሲሰበሰቡ ግን ያስፈሩኛል። የተመረጥኩት ዓይናፋር ስለሆንኩ ነው። ሰው ሰላም እንዳይለኝ በጎን በር የምገባ ልጅ ነበርኩ። ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ እንኳ ሥራውን የምወደው ማሽኖቹ ስለሚጮኹና ማንም ስለማያናግረኝ ነበር።

«አንቺ ለዚያ ዕቃ ቤት የተፈጠርሽ ነሽ» አለችኝ አክስቴ። «ከኮምፒውተርና ከአሻንጉሊት ጋር!»

እኔም ደስ ብሎኝ ገባሁ። ጋሼ ያስተማሩኝ ማብራትና ድምፁን ከፍ ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። የቀረውን ራሳቸው ይሠሩት ነበር።

በረዶው በበዛበት ወር ጋሼ ፓርክ ሂል በሚባለው ሰፈራቸው፣ ደጃፋቸው ላይ ተንሸራተው እግራቸው ተሰበረ። ጄሶው እስከ ጭናቸው ነው። እግራቸውስ ይድናል፤ ያስለቀሳቸው ሌላ ነው። በዚያው ሳምንት እሑድ መዘምራኑ እሳቸው የደረሱትን መዝሙር ለመጀመሪያ ጊዜ ሊዘምሩ ነበር። መዘምራኑ «አማርኛው ከበደን» እያሉ ስንት ጊዜ አዘግይተውባቸው፣ በመጨረሻ እሺ ያሉት ለዚያ እሑድ ነው። አክስቴ የቤታቸውን ኮምፒውተር አልጋቸው አጠገብ አደረገችላቸው። ከላይ ሸሚዝና ክራቫት፣ ከታች ጄሶ ሆነው መዝሙራቸውን ሊሰሙ ተቀመጡ።

ስብከቱ ሊያልቅ ሲል ታጣፊዋ ስልኬ ተንቀጠቀጠች።

«አንቺ ልጅ፣ ምንም አይሰማም!»

«እዚህ ይሰማል፣ ጋሼ።»

«እዚያማ ለምን አይሰማ! አገልጋዩ ቆሟል እንዴ?»

በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ፓስተሩ መድረኩ ላይ ናቸው።

«አዎ፣ ቆመዋል።» ፓስተሩን የሚያህል ሰው «ቆሟል» ማለታቸው ገርሞኝ ነበር፤ እግራቸው እያመማቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

«ታዲያ አስነሺዋ!»

«ቆመው ነው እኮ ያሉት፣ ጋሼ። ከዚህ በላይ የት ይነሱ?»

«የምትይው አልገባኝም። ብቻ አገልግሎቱን አስቁሚውና እንደገና አስጀምሪው።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን?»

«ፓስተሩን ልጠይቃቸው?»

«እሳቸው ስለዚህ ምን ያውቃሉ! ዝም ብለሽ አስቁሚው። ቶሎ በይ፣ መዝሙሬ ሊያመልጠኝ ነው!»

«አገልጋይ» ያሉት ሰርቨሩን፣ «አገልግሎት» ያሉት ደግሞ ከጀርባ ሆኖ ድምፁን የሚልከውን ሰርቪስ መሆኑን ማን ይንገረኝ? እኛ ዘንድ አገልጋይ ሰባኪው ነው፤ አገልግሎትም ያ አዳራሽ ሙሉ ሰው የመጣለት ነገር ነው። እሱን አስቁሚ ተባልኩ። ሽማግሌ ሲያዝ ደግሞ እምቢ አይባልም።

ስልኩን ደረቴ ላይ ለጥፌ ወጣሁ። ፓስተሩ ስብከታቸውን ጨርሰው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ መዘምራኑ የመጀመሪያውን ስንኝ ጀምረዋል። ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው «ይቁም» አልኳቸው።

«ምኑ?»

«አገልግሎቱ። ይቁምና እንደገና ይጀመር ተብሏል።»

«ማን ነው ያለው?»

በጣቴ ወደ ፓርክ ሂል አመለከትኩ። ፓርክ ሂል በየት በኩል እንደሆነ ግን በዚያ ሰዓት አላወቅኩትም፤ ጣቴ ወደ ጣሪያው ሄደ።

የፓስተሩ ፊት ተለወጠ። ተነሥተው እጃቸውን ከፍ አደረጉ። መዝሙሩ ቃል መሃል ላይ ተቆረጠ። የመቶ ሰው ዓይን እኔ ላይ አረፈ።

«ተናገሪ ልጄ!» አሉ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን እያጣፉ። «ጌታ ያሳየሽን ተናገሪ! አትፍሪ!»

«ሃሌ ሉያ!» አለ ሰው ከኋላ።

ከደረቴ ላይ «አቆምሽው ወይ?» የሚል ጩኸት ወጣ። አዳራሹ ጸጥ ስላለ ሁሉም ሰማው። ፓስተሩ ስልኩን ተቀበሉኝ።

«ወንድሜ፣ አገልግሎቱን አስቁሚ ያልካት አንተ ነህ?»

«የኮምፒውተሩን!» አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ ኋለኛው ወንበር ድረስ ደረሰ። «የኮምፒውተሩን አገልግሎት! የእርስዎን ማን ነካ!»

መጀመሪያ የሳቁት ፓስተሩ ናቸው። ከዚያ መዘምራኑ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ትንቢት የጠበቁት እናት ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «እኔ እኮ ወደ ላይ ስታመለክት!» ይላሉ። እኔ መሬት ተሰንጥቆ ይዋጠኝ እያልኩ ሳለ ሳቄ አመለጠኝ፤ አንዴ ካመለጠኝ በኋላም አልያዝ አለኝ።

«እንግዲህ እኛ ቆመናል» አሉ ፓስተሩ ስልኩን ሲመልሱልኝ። «ሂጂና ያንንም አስተካክይው። እስክትጨርሺ ማንም አይንቀሳቀስም።»

የዕቃ ቤቱ በር ተከፍቶ ቀረ። ኪቦርድ ተጫዋቹና ሁለት ዘማሪዎች ከኋላዬ ተደራረቡ። ጋሼ ፊደል በፊደል ያስጽፉኛል።

«ያዘመመ ጭረት።»

«ወዴት ያዘመመ?»

«ወደ ቀኝ! በረዶ ላይ እንደወደቀ ሰው!»

የነገሩኝን ጽፌ ተጫንኩ። አንድ መስመር ወጣ። ከመካከሉ አንዷን ቃል አወቅኳት።

«ዴድ!» ብዬ ጮህኩ። «ሞቷል!»

«ውይ፣ ማን ነው የሞተው?» አሉ እናቲቱ ከአዳራሹ።

«ሰርቪሱ ነው፣ እማማ!» አለ ኪቦርድ ተጫዋቹ። «አይዞዎት፣ ሰው አይደለም!»

የቀረውን መስመር ፊደል በፊደል አነበብኩላቸው። ጋሼ «ገባኝ» አሉ። «ሞቷል፣ መታወቂያው ግን ቀርቷል። አዲሱ ሊነሣ ሲል የሟቹን መታወቂያ ያያል፣ ሥራው ተይዟል ብሎ ተመልሶ ይተኛል። መታወቂያውን እናጥፋለት። የምልሽን ብቻ ጻፊ፤ ከተሳሳትሽ ሌላ ነገር ይጠፋል።»

«እህቴ፣ የእኔን ሶሎ እንዳታጠፊ» አለች አንዷ ዘማሪ በጆሮዬ።

ያሉኝን ጻፍኩ። ሁለቴ አነበብኩላቸው፣ «ተጫኚ» አሉኝ፣ ተጫንኩ። ምንም አላለም፤ ዝም ካለ ጠፍቷል ማለት ነው አሉኝ። ከዚያ እንዲነሣ የሚያዘውን ቃል ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ትንሽ አሰበና በቀኝ በኩል በአረንጓዴ ጻፈ።

«ኦኬ ይላል! በአረንጓዴ!»

አዳራሹ እልል አለ።

«ቆዩ፣ ቆዩ» አሉ ጋሼ። ትንፋሻቸው በስልኩ ይሰማል። ቆየት ብለው «ሰው ሳለ!» ብለው ጮኹ። «ሲያስል ሰማሁት! አሁን ደግሞ እልልታ! ይሰማል! በያቸው፣ በያቸው!»

ብድግ ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። «ጀምሩ!» አልኩ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከፍ ብሎ የተሰማ የመጀመሪያ ቃሌ ነው፤ መዘምራኑም ታዘዙኝ።

መዝሙሩ ከመጀመሪያው ስንኝ ተጀመረ። እንደታዘዝኩት የኮምፒውተሩን ብቻ አስቁሜ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ፊደል ስለቅም መዝሙሩ አልቆ ነበር። ይህን ሳስብ እንደገና ሳቅ ያዘኝ። ከባድ የተባለው አማርኛ ደግሞ ምንም አልከበደ፤ አዝማቹን ሕዝቡ ወዲያው ተቀበለው።

መዝሙሩ አለቀ። ጭብጨባው አለቀ። ፓስተሩ ለመጸለይ ተነሡ።

«ጋሼ፣ እንዴት ነበር?» አልኩ።

«ዝም በይ!» አሉኝ።

ድምፁ ከእኛ ተነሥቶ እሳቸው ዘንድ እስኪደርስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በስልኩ ውስጥ መዘምራኑ ገና እየዘመሩ ናቸው። አክስቴ አብራቸው ትዘምራለች፣ ጋሼም በጣታቸው ጄሶውን እንደ ከበሮ ይመታሉ። እኛ ዘንድ ጸሎት ተጀምሯል። እኔ በሩን ገፋ አድርጌ አሻንጉሊቶቹ መካከል መሬት ላይ ተቀመጥኩና፣ ሳቄን በመዳፌ አፍኜ፣ ፓርክ ሂል እስኪጨርስ ጠበቅኩ።