የፀሐይ ማስታወቂያዬ ብቸኛ አንባቢ

ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት በየጠዋቱ ፀሐይን እስል ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። በባይኖኩላር ፀሐይን በቀጥታ ማየት ዓይን ያጠፋል፤ ስለዚህ ባይኖኩላሩን ወደ ፀሐይ አዙሬ ከኋላው ነጭ ወረቀት እይዛለሁ። ወረቀቱ ላይ የብርሃን ክብ ያርፋል፤ በክቡ ውስጥ የሚታዩትን ጥቁር ነጠብጣቦች በእርሳስ አሰፍራለሁ። ከዚያ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ እለጥፋለሁ፦ ነጠብጣቡ ስንት እንደሆነ፣ ቀኑ ጸጥ ያለ ይሁን ወይስ የሚታወክ።

ማንም አያነበውም። «ዛሬስ እንዴት አደረች?» እያለ የሚያሾፍብኝ የሒሳብ መምህር እንኳ ሰልችቶት ተወኝ።

አንድ ቀን የመሬት ልኬታ ቡድን ቀበሌያችን ገባ። መሪው፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ወጣት፣ ከትምህርት ቤቱ ቧንቧ ውሃ ሊቀዳ መጥቶ ማስታወቂያውን ቆሞ አነበበው።

«ይሄ እኛንም ይነካል?»

አስረዳሁት። ፀሐይ ስትታወክ የላይኛው አየር ይታወካል፤ ከሳተላይት የሚመጣው ምልክት በዚያ ሲያልፍ ይዛባል፤ ጂፒኤሱም ወሰን ሊስት ይችላል። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እየመጣ ያነብ ነበር። እኔም ማስታወቂያውን በማለዳ መለጠፍ፣ ሸሚዜንም መተኮስ ጀመርኩ።

አንድ ረቡዕ ትልቅ ነጠብጣብ ክቡ መሃል ደረሰ። ከእንዲህ ያለ ቦታ ፍንዳታ ከተነሣ ወደ እኛ ሊመጣ ይችላል። መነሣቱን የማረጋግጠው ግን በኢንተርኔት ነበር፤ ኔትወርክ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ የለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ምናልባት» ብዬ እጽፍ ነበር። ያን ቀን ግን የሚያነብልኝ ሰው ነበረኝ። «ነገ የጂፒኤስ ልኬት አይታመንም» ብዬ ጻፍኩ።

ቡድኑ የሐሙስን ሥራ ሰረዘ። ዓርብ ኔትወርክ ሲመለስ አየሁት፤ ምንም አልተነሣም ነበር።

የሐሙስ ተራ የአከራዬ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ማሳ ሲለካ አዋሳኞች ሁሉ ወሰኑ ላይ መቆም አለባቸው፤ አለዚያ የይዞታ ደብተር አይወጣም። አንዱ አዋሳኝ ቡሬ የሚኖረው የባላቸው ወንድም ነው። በስንት ሽማግሌ ተለምኖ ለዚያች ቀን መጣ፤ ልኬታው ቀረ ሲባል ተቆጥቶ ተመለሰ።

«ሰኞ ወደ ሌላ ቀበሌ፣ ወደ ገበዝ ማርያም እንሄዳለን» አለኝ መሪው፣ ያኑ ዓርብ ስህተቴን ስነግረው። «ሰውየው እስከ ነገ ካልመጣ የሴትየዋ ማሳ ሳይለካ ይቀራል።» ሰሌዳውን ሳያይ ውሃውን ይዞ ወጣ።

አከራዬ አልተቆጡኝም። «ፀሐይቱን ተዋትና ሰውየውን አምጣልኝ» አሉ።

ቅዳሜ ቡሬ ሄድኩ። ሰውየውን እህል መጋዘን ውስጥ የጆንያ አፍ ሲሰፋ አገኘሁት።

«ፀሐይ አላስለካም አለች ያልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሳቸው የሉበትም።»

ስለ ነጠብጣቡም፣ ስለ ኔትወርኩም፣ ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ይህን አልጠበቅሁም ነበር።

«ታዲያ አላውቅም ብትል ምን ነበረበት?»

ክሩን በጥርሱ በጠሰና ሌላ ጆንያ ሳበ።

«እኔ ሁለቴ አልመላለስም። ሂድ፣ መኪና እንዳያመልጥህ።»

አሥር ሰዓት ላይ ሚኒባሱ መንገድ ዳር አወረደኝ። አከራዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ነበር። ሰላም አልኳቸው። ረዳቱ በሩን እስኪዘጋ ድረስ፣ ከእኔ ኋላ የሚወርድ ሰው እየጠበቁ፣ ዓይናቸውን ከበሩ ላይ አላነሡም።