የአቤን ቁመት የሚያህል ጧፍ

የኔነሽ ሰሙን መጀመሪያ በውሃ ታፈላዋለች። ቆሻሻው ሲዘቅጥ ከላይ የሰፈፈውን በነጠላ ቁራጭ አጥልላ ወደ ድስቱ ትመልሳለች። ፈትሉን አጥፋ ታከርራለች፤ አንዱን ጫፍ በሩ ላይ ካለው ሚስማር ታስርና ሌላውን ይዛ ወደ ኋላ እየሄደች ትወጥረዋለች። ከዚያ ሰም የጠጣ ጨርቅ በመዳፏ ይዛ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትቀባዋለች። ሲደርቅ ትደግመዋለች። ሲወፍር ጣውላ ላይ አጋድማ በሁለት መዳፏ ታድበለብለዋለች። ሰሙ ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል፣ ከጋለ ጣት ይልጣል፤ ስለዚህ እጇ አያርፍም።

ደሴ ከፒያሳ በታች ያለው ሰፈር ጧፍ የሚገዛው ከእሷ ነው። ይህኛው ግን አይሸጥም። ለቅድስት አርሴማ የተሳለችው ነው።

ልጇ አቤ ገና በልጅነቱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሥራው ሲቆም በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ተሻገረ፤ ከዚያ ወዲያ ዓመታት ድምፁ ጠፋ። እናቱ ከቅዱሳን ሁሉ አርሴማን መረጠች። አርሴማም ከክፉ ንጉሥ ሸሽታ ሰው አገር የተሰደደች ናት። "ስደትን ለእሷ ማስረዳት አያስፈልግም" ትላለች የኔነሽ። አርሴማ በተሰደደችበት አገር አንገቷን ለሰይፍ እንደሰጠችም ታውቃለች። ገድሉ ሲነበብ እዚያ ላይ ሲደርስ ተነስታ ትወጣለች።

ስለቷ "ድምፁን ብቻ አሰሚኝ፣ ቁመቱን የሚያህል ጧፍ አስገባለሁ" የሚል ነበር።

ነሐሴ ላይ ስልኳ ጮኸ።

"እማ፣ አለሁ" አለ አቤ።

"የት?" ስትል ተቋረጠ። ቁጥሩ ከዚያ በኋላ አይጠራም።

ስለቱ ሰመረ፤ መስከረም ሃያ ዘጠኝ፣ በበዓሏ ቀን መግባት አለበት። አቤ ሲሄድ ቁመቱን መቃኑ ላይ በቢላ ጭሮ ነበርና በዚያ ለክታ ሠራች። ጧፉ አልቆ ግድግዳ ተደግፎ ሳለ አብሮት የተሰደደው እኩያው ደጉ ተመልሶ ሊጠይቃት መጣ። ከስቷል። ሲገባ ጎንበስ አለ። "ቁም እስቲ" ብላ መቃኑን አስደገፈችው። ጭረቱ ከጆሮው አላለፈም።

"አንተ ከእሱ ታጥር አልነበር?"

"አሁንም አጥራለሁ፣ እትዬ የኔነሽ። የመን ላይ ስንለያይ ጥሎኝ አድጎ ነበር።"

"በምን ያህል?"

ደጉ እጁን ከራሱ በላይ አነሳ፤ ዝቅ አደረገ፤ እንደገና አነሳ። "እኔንጃ።"

ጎረቤቷ ዙበይዳ ከደጃፉ ሆና ትሰማ ነበር። "አብሽሪ! ልጅ አደገ ተብሎ ይለቀሳል? ትንሽ አስረዝሚውና ተገላገይ።"

"ቢያንስስ? ቢበልጥስ? ቁመቱን ነው ያልኩት።"

"ወላሂ፣ ሱሪ ልትሰፊለት ነው እንዴ!"

ሁለቱ ሴቶች ሳቁ። ቀድማ ያቆመችው የኔነሽ ናት።

የንስሐ አባቷም "ልጄ፣ አርሴማ ሜትር አልያዘችም፤ ያለውን አስገቢ" አሏት። "እሺ አባቴ" ብላ መስቀሉን ተሳለመች። ቤቷ ገብታ ከሰሉን እንደገና አቀጣጠለች። ጧፉ ላይ ምን ያህል እንደምትቀጥልበት ግን አታውቅም። ፈትሉን ትወጥራለች፣ ታላላለች፣ መልሳ ትወጥራለች።

የሚያንገበግባት የጧፉ ነገር ብቻ አይደለም። "ድምፁን አልኩ፣ ድምፁን ሰጠችኝ" አለቻት ለዙበይዳ። "ምነው ራሱን ባልኩ! አሁን ራሱን እንዳልለምን የፊተኛው ስለት ሳይገባ ሌላ አይሳሉም።" ዙበይዳ ጣውላውን ያዘችላት።

በዓሉ እየደረሰ ነው። ይህን ለምታነቡ የኔነሽ የምትለው አለ፦

"ባሕር ማዶ ካላችሁ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት አቤ የሚባል የደሴ ልጅ ካያችሁ፣ ና በሉት አልልም፤ መምጣት ይችል እንደሆን አላውቅም። ጫማችሁን አውልቁ፣ እሱንም አስወልቁት። አጠገቡ ቁሙና የት ላይ እንደደረሰባችሁ ንገሩኝ።"