ያልቀመስኩት እርጎ

ነገሩ የሆነው በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ፣ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የገበሬ መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ የተነሳው ተቃውሞ ቡራዩን በናጠበት ሰሞን ነው። የማልረሳው በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ዝም ብዬ፣ በዚያች ዝምታ እስከ ዛሬ ስለምመሰገን ነው።

ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሠላሳ ዓመት ቆሜ ሳስተምር ሁለት ነገር አተረፍኩ፤ ወሬ ማብዛትና የጉልበት ሕመም። ሐኪሙ የመገጣጠሚያ ብግነት ይለዋል፣ ባለቤቴ ቁርጥማት ትለዋለች፣ እኔ የምለው ደግሞ እዚህ አይጻፍም። የሚዋጠው ማስታገሻ ጨጓራዬን ስላቃጠለው እንደ ከረሜላ አፍ ውስጥ የሚሟሟ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ፋርማሲስቷ አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ።

«አይታኘክም፣ አይዋጥም። ጉንጭዎ ውስጥ ይያዙት፣ ቀስ ብሎ ይሟሟል። እስኪያልቅ አይናገሩ። ካለቀ በኋላም ግማሽ ሰዓት ምንም አይቅመሱ።»

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «ተመስገን! እንዲህ ዓይነት መድኃኒትም አለ?» አለች።

ጎረቤታችን ጽጌ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ሁለት ልጆቿን ይዛ ኦቦ ቱሉ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ኦቦ ቱሉ እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጁ ገበሬ ናቸው። ጽጌ አንድ ቀን የስፌት መኪናዋን ከፀሐይ የሚያስጥል ሸራ ልትሰፋ ፈለገችና፣ ከበሯ እስከ አጥሩ ያለውን ቦታ በልብስ መለኪያ ሜትሯ ለካች። ቁጥሩንም ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጻፈች። ኦቦ ቱሉ ከማሳ ሲመለሱ ደረሱባት።

በዚያ ሰሞን ሜትር ይዞ መታየት ጠመንጃ ይዞ ከመታየት አይሻልም ነበር። «ማነው የላከሽ?» አሏት። ሸራ ልሰፋ ነው ብትል ማን ይስማት! እስከ እሁድ ቤቱን ልቀቂ ተባለች። መንገድ ተዘግቷል፣ ታክሲ የለም፣ በዚያ ግርግር ለማያውቀው ሰው ቤት የሚያከራይ የለም። ሁለት ልጅ ይዛ የት ትግባ?

ሽማግሌ ሆነን ተላክን። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ሙሉጌታ፣ የኦቦ ቱሉ ባልንጀራ ኦቦ ለታ እና እኔ። እኔ ንግግር አዘጋጅቻለሁ። ማስተር ፕላን ምን እንደሆነ፣ ካርታ እንዴት እንደሚነሳ፣ በልብስ ሜትር መሬት እንደማይለካ በሦስት ነጥብ ከፋፍዬ ላስረዳቸው ነው። መሬታቸው ካርታው ውስጥ የገባባቸውን ሰው እኔ ካርታ ላስተምር!

ዳገቱን በእግራችን ወጣን። ከአስፋልቱ በኩል የጎማ ጭስ ይታያል። ኦቦ ቱሉ ቤት ስንደርስ ጉልበቴ አብጦ ሱሪዬን ወጥሮታል፤ የተሰጠኝ መቀመጫ ደግሞ አጭር በርጩማ ነው። አልቻልኩም። መድኃኒቱን ቀስ ብዬ ጉንጬ ውስጥ አስገባሁ። ጋሽ ሙሉጌታ አንዴ ከጀመሩ ሩብ ሰዓት ስለማይበቃቸው፣ ተራዬ እስኪደርስ ይሟሟል ብዬ ነው።

ያን ቀን ጋሽ ሙሉጌታ በአምስት ደቂቃ ጨረሱ።

«ስሙኝ» አሉ ኦቦ ቱሉ። «ሰበታ የወንድሜ መሬት ላይ ሜትር ይዘው መጡ። ለኩ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። ዛሬ አበባ ተተክሎበታል። ወንድሜ ለአበባው ዘበኛ ነው። እኔ ግቢ ሜትር አይገባም። በቃ።»

ይህን ሲሉ ባለቤታቸው አዴ ዲንቂቱ እርጎ በኩባያ ይዘው ገቡ። በአገራችን ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይፈጸም የሰው ቤት እህል ውሃ አይቀምስም። ከቀመሰ እምቢታውን ተቀበለ ማለት ነው። ጋሽ ሙሉጌታ ጉሮሯቸው ደርቆ ይሁን ተስፋ ቆርጠው፣ ኩባያውን ተቀብለው ጭልጥ አደረጉት። ኦቦ ለታም አንገታቸውን ደፍተው ተጎነጩ። እኔ ጋ ሲደርስ ኩባያውን በመዳፌ ከድኜ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ምነው መምህር?» አሉ ኦቦ ቱሉ።

ዝም አልኩ። አፌን ብከፍት መድኃኒቱ ከነምራቁ ጋቢዬ ላይ ሊወርድ ነው። በዚህ መሀል ጉልበቴ እንደ ቢላ ወጋኝና እንባዬ ዱብ አለ።

«ኧረ እያለቀሱ ነው!» አሉ አዴ ዲንቂቱ። ጋሽ ሙሉጌታ ባዶ ኩባያቸውን ከበርጩማው ኋላ ደበቁት።

ወጥቼ ልትፋውና ተመልሼ ሦስቱን ነጥቦች ላስረዳ ወሰንኩ። ምርኩዜን ይዤ ብድግ አልኩ።

«ቱሉ! መምህሩ ሳይቀምስ ሊወጣ ነው!» ብለው ኦቦ ለታ ጮኹ።

ኦቦ ቱሉ ዘለው ጋቢዬን ያዙ። «ተው! ሽማግሌ አዝኖ ከቤቴ አይወጣም! ቶሌ፣ እሺ፣ ትኑር። ጽጌ ትኑር!»

ተቀመጥኩ። እርጎው እንደገና ቀረበ። እኔ ግን ገና ግማሽ ሰዓት ይቀረኛል። ቆዩኝ ለማለት እጄን አነሳሁ።

«ሜትሯንም ትያዝ» አሉ ኦቦ ቱሉ። አሁንም እጄን አነሳሁ። «ሸራውንም ትስፋ፣ ምሰሶውን እኔ እተክላለሁ! ከዚህ በላይ ምን ልጨምር?»

መድኃኒቱ ሲያልቅ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብቻ አልኩ። ንግግሬ ኪሴ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ከገፈርሳ ድረስ ሽማግሌ ሁንልን እያሉ ይመጡብኛል። አስተዋይ ነው፣ ቃሉን ቆጥቦ ነው የሚያወጣው ይሉኛል አሉ። የድሮ ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ሌላ ሰው ይመስላቸዋል።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ መባሉን በሬዲዮ ስሰማ፣ የማይገባኝ ምስጋና ከብዶኝ ኦቦ ቱሉ ዘንድ ሄድኩና መድኃኒቱን ከነማሸጊያው አሳይቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም።

«እኔ እኮ እምቢ እንዳልኩ ወዲያው ነው የቆጨኝ» አሉ። «ትንሿ ልጇ እግር ተክላ መሄድ የጀመረችው እዚህ ግቢ ነው። ግን ቃል ከአፌ ወጥቷል፣ በሰው ፊት እንዴት ልመልሰው? አንዳችሁ አልቀምስም እስክትሉኝ ነበር የምጠብቀው። ሙሉጌታ እርጎውን ሲጠጣ ቅስሜ ተሰበረ።»

ዛሬም ሰው ስለዚያ ቀን ሲያመሰግነኝ አፍራለሁ፤ እርጎ ነፍሴ ነው። ጉልበቴ ባያመኝ ኖሮ ከጋሽ ሙሉጌታ ቀድሜ እጠጣው ነበር፤ ጽጌም እሁድ ዕለት ልጆቿን ይዛ ትወጣ ነበር።