ከጫፉ ላይ ምን ታየ?

የመሥሪያ ቤታችንን ሹፌር አንደኛ ማርሽ ነው የምንላቸው፤ በሌሉበት ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ጋሼ ናቸው። ዳገት ካዩ ማርሹን አንደኛ ላይ ይከቱና፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክስ ቢያንባርቅ፣ ቢሳደብ፣ ወይ ፍንክች! ጠዋት ጠዋት መስተዋቱን በአሮጌ ጋዜጣ ይወለውላሉ። ወንበራቸው ላይ በአራት የታጠፈ ብርድ ልብስ አለ። ሞተር ሲያስነሱ፣ የታመመ ልጅ እንደሚያዳምጥ ሰው ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነዱ። አንድም ቀን አልገጩም፣ አንድም ቀን አልቸኮሉም። እኔን የመሰለ ችኩል ደግሞ ከጎናቸው ተቀምጦ ይቃጠላል።

እኔ የሬዲዮ ማስተላለፊያ ቴክኒሻን ነኝ። ከከተማው የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ሰው ዝር በማይልበት ትልቅ ተራራ ጫፍ ላይ ማማ አለን። በዓመት አራት ጊዜ ሄጄ ባትሪውን አያለሁ፣ ገመዱን አጠብቃለሁ፣ እመለሳለሁ። መኪናው የሚሄደው ኮረኮንቹ እስከሚያልቅበት ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሦስት ሰዓት በእግር። ደንቡ ደግሞ ሹፌር መኪናውን ጥሎ አይሄድም ይላል። ስለዚህ እኔ እወጣለሁ፣ እሳቸው ይጠብቃሉ። ስወርድ ከፔርሙዝ ሻይ ይቀዱልኛል፤ ኩባያውን በቅጡ ሳልይዝ ግን ያችን ጥያቄያቸውን ያመጣሉ።

«ዛሬስ ከጫፉ ላይ ምን ታየ?»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በትዕግሥት መለስኩ። ጉም ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ደግሞ ጉም ነው። እሳቸው አይጠግቡም። ወንዙስ? መንገዱስ? ከዚያ ወዲያስ? ዓይናቸው ሽቅብ ተሰቅሎ ይቀራል። ስንነዳም ያው ነው፤ መታጠፊያውን አልፈን ተራራው ብቅ ሲል የጀመሩትን ወሬ ያቆማሉ። ሰው ሁልጊዜ ደጃፉ ድረስ እየሄደ ያልገባበት ቤት እንዴት እንደሚናፍቀው ያኔ አልገባኝም ነበር።

አንድ ቀን፣ ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል፣ ዝናብ ቀጥቅጦኝ፣ ጣቴ ደንዝዞ፣ ምሳዬን እላይ ረስቼ ወረድኩ። «ዛሬስ ምን ታየ?» አሉኝ። ደሜ ፈላ።

«ቤትዎ ታየ! ጣሪያዎ ታየ! ባለቤትዎም አንሶላ ሲያሰጡ ታዩ! በቃዎት?»

ንዴቱ ሁሉ ወጣልኝ፣ አንቱታው ግን አልወጣልኝም። ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው። «ቤትህ ታየ» ብያቸው ቢሆን ኖሮ ስድብ መሆኑ ገብቷቸው ወይ ይሥቁ፣ ወይ ይቆጡ ነበር። በአንቱታ የተነገረ ፌዝ ግን ሪፖርት ይመስላል። አዩኝና ፈገግ አሉ።

በሚቀጥለው ጉዞ መኪናውን እንዳቆሙ ክንዴን ያዙኝ። «ነገርኳት» አሉ። «ያየሁት ራሴ ነኝ ብዬ ነው የነገርኳት፤ እንግዲህ አትታዘበኝ። ደስታዋን ብታይ! ዛሬ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ነጩን አንሶላ ታሰጣለች። ወደዚህ ዞራም ትቆማለች። አደራ፣ እይልኝ።»

ጉድ ፈላ! ከተማችን ከዚያ ጫፍ አይታይም። መሐል ላይ ሌላ ጋራ ተገትሮ ጋርዶታል። ያን ቀን እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ አፈርኩ። ስወርድ «አየህ?» አሉኝ፤ «አየሁ» አልኩ። በዓመት አራት ጊዜ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። አየህ? አየሁ።

ባለፈው ክረምት ባለቤታቸው አረፉ። ላጽናና ቤታቸው ስሄድ ሴት ልጃቸው በር ላይ ተቀበለችኝ።

«እማዬ እኮ መነሳት ካቃታትም በኋላ ቀኑን አትስትም ነበር» አለችኝ። «ዛሬ አባትሽ ጫፍ ላይ ነው፤ አንሶላውን አውጪልኝ፣ እኔንም ወደ መስኮቱ አስጠጊኝ ትለኝ ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ጡረታ የሚወጡበት ጊዜ ደረሰ። ለመጨረሻው ጉዟችን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ስምሪት ክፍል አግዳሚው ላይ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ነገ አብሬህ እወጣለሁ።»

«መኪናውስ?»

«ይቆለፋል።»

መኪና ጥለው የማያውቁ ሰው! ጉልበትዎ አልኳቸው፣ ብርዱ አልኳቸው፣ ጭቃው አልኳቸው። ሰሙኝም አልሰሙኝም። እኔ የፈራሁት ግን ጉልበታቸውን አልነበረም። ጫፉ ላይ ቆመው ጣሪያቸውን ሲፈልጉና ያ ጋራ ፊታቸው ላይ ድቅን ሲል ታየኝ። እኚያ ሴት እስከ መጨረሻቸው አንሶላ የሰቀሉት ለባዶ ጋራ መሆኑን ጋሼ ሊያውቁ ነው፤ ያውም እኔ አጠገባቸው ቆሜ።

ሊነጋጋ ሲል ወጣን፤ ኮረኮንቹ ሲያልቅ መኪናውን ቆልፈው በሮቹን አንድ በአንድ ሞከሩና ተነሡ። በእግርም አንደኛ ማርሽ ናቸው። አይቸኩሉም፣ አይቆሙም። እኔ እየተጣደፍኩ አልፋቸዋለሁ፤ ደክሞኝ ድንጋይ ላይ ቁጭ ስል እሳቸው ያልፉኛል። «ምነው፣ ነዳጅ አለቀ እንዴ?» ይሉኛል ዞር ሳይሉ። ዛፉ አለቀ፣ ሣሩም አለቀ፣ ድንጋዩ ብቻ ቀረ። ስንት ጊዜ እውነቱ አፌ ላይ መጣ መሰላችሁ፤ መልሼ ዋጥኩት። ምነው ጉም በሆነ ብዬ ለመንኩ። ምን ያደርጋል፣ ሰማዩ እንደዚያን ቀን ጠርቶ አያውቅም።

ማማው ጋ ስንደርስ ለስድስት ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ኮፍያቸውን አወለቁ። ወንዝ አላሉ፣ መንገድ አላሉ፤ ቀጥ ብለው ወደ ከተማው አቅጣጫ ዞሩ። ያ ጋራ ፊት ለፊታቸው ቆሟል። ብዙ አዩት።

«ጋሼ» አልኩ። «ዋሽቼዎታለሁ። ከዚህ አይታይም። አንድም ቀን አላየሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ምን አሉ?»

«ያንን ጋራ አንድ ሰዓት ሙሉ በመኪና የምዞረው ማን ሆነና ነው? የቱ ከየቱ ኋላ እንዳለ ለእኔ ልትነግረኝ?»

«ታዲያ ለምን እይልኝ ይሉኝ ነበር?»

«አየሁ ስትለኝ ደስ ይለኝ ነበራ። አንተም እኮ ሳትሰለች ነበር የምትለኝ።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ሊያዩ መጡ?» አልኳቸው።

የኮታቸውን ቁልፎች ቆለፉ፤ ኮሌታቸውን አስተካከሉ፤ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ለማየት አይደለም የመጣሁት» አሉ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወደዚህ ዞራ ቆመችልኝ። እኔ ታች ሻይ እጠጣ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ልገኝላት ብዬ ነው።»

እንባዬ ወረደ፤ አልደበቅኩትም። የያዝኩትን መፍቻ መሬት ላይ አስቀምጬ፣ ስድስት ሰዓት ሆኖ እስኪያልፍ ድረስ አጠገባቸው ቆምኩ።